ዘይት የጨረሰው ሞተር

አባቷን በየሁለት ቀኑ ወደ ኩላሊት እጥበት የምታመላልሰው እሷ ናት። ከሥራ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ አባቷ ቤት፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ልጆቿ ስትሮጥ የመኪናዋን የሞተር ዘይት ካየች ወራት አልፈዋል። ቀይዋ የዘይት መብራት ስትበራ እንኳ «በእረፍት ቀኔ አሳያታለሁ» ብላ አለፈቻት። የእረፍት ቀን ግን አልነበራትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእጥበት ሲመለሱ ሞተሩ ሲንኳኳ ቆይቶ አንዴ ጮኸና ቀጥ አለ። መኪናዋን እንደምንም ጥግ አስያዘቻት። ኮፈኑን ከፍታ የዘይት መለኪያውን ስትመዘው ጫፉ ደርቋል። ተመልሳ ገብታ ግንባሯን መሪው ላይ አሳረፈች።

«ዘይት ጨርሷል አይደል?» አሉ አባቷ፣ ዕድሜያቸውን በሹፍርና የጨረሱ ሰው።

«እንዴት አወቁ አባዬ?»

«መንኳኳት ከጀመረ ሰነበተ እኮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

አባቷ በፋሻ የተጠቀለለ ክንዳቸውን አሻሹ። «ምን ልበልሽ ልጄ? እኔው ራሴ ሸክም ሆኜብሻለሁ። ሌላ ልጨምርብሽ?»

ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ጉልበቱ ግን ከየት ይምጣ። እጃቸውን ብቻ ያዘች።

ሞተሩ ተቃጥሎ መኪናዋ ጋራዥ ቀረች። አሁን የሚመላለሱት በታክሲ ነው። እሷም ከኋላ ወንበር አጠገባቸው ትቀመጥና መንገዱ ሳይጋመስ እንቅልፍ ይጥላታል። አባቷ ያኔ ትከሻቸውን ዝቅ ያደርጉላትና ሹፌሩን በለሆሳስ፣ «እባክህ ረጋ ብለህ ንዳ፤ ልጄ ተኝታለች» ይሉታል።