በቆንጂት ደጅ የማይነፋ ጡሩምባ

ፊደል አልቆጠርኩም፤ መርዶ ማርዳትን ግን ባለ ዲግሪ አያስተምረኝም። ስለዚህ የልጅ ልጄ ሔራን ለእድሩ ቴሌግራም ልትልከው የጻፈችውን ስታነብልኝ ከሶፋው ብድግ አልኩ።

«ሰበር ዜና! የቆንጂት እናት ደብረ ብርሃን ላይ አረፉ።»

«ምኑ ነው የተሰበረው?»

«ብሬኪንግ ኒውስ ማለት እኮ ነው፣ እማማ። ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው።»

«የሚሰበረውማ የቆንጂት ቅስም ነው! እዚህ ሰው አገር፣ ኒው አልባኒ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ታቅፋ የእናቷን ሞት ከስልክ ታንብብ?»

ቆንጂትም እዚያው ቴሌግራም ውስጥ አለች። ወንድሟ የደወለው ለእኔ ነው፤ «ሰው ከቧት ትስማ» ብሎ አደራ ሰጥቶኛል።

«እሺ፣ ‹አስቸኳይ መግለጫ›?»

«መንግሥት ነኝ እንዴ?»

«‹አለርት›?»

«እሱ የአውሎ ነፋሱ፣ የቶርኔዶው ነው። ይልቅ ቆንጂትን አስወጫት!»

«ሪሙቭ ካደረግኳት ታውቃለች። ለምን ትላለች።»

ባሌ ለማ ትዝ አለኝ፣ ነፍሱን ይማረውና። ደብረ ብርሃን የእድር ጡሩምባ ነፊ ነበር። ጎህ ሲቀድ ያንን ረጅም ድምፅ ሲለቀው ውሻው እንኳ ጸጥ ይላል። የመርዶው ቤት ደጅ ሲደርስ ግን ጡሩምባውን ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ፣ ኮቴውን አጥፍቶ ያልፋል። የሐዘንተኛውን ያቺን የመጨረሻ የሰላም እንቅልፍ ማንም አይቀማም ነበር።

«ጻፊ» አልኳት። «ርዕሱ ‹ነጠላ› ይሁን። ከሥሩ፣ ነገ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እትዬ መዓዛ ቤት በይ፤ እዚሁ እኔ ጋ።»

«ነጠላ ብቻ? ማን ይገባዋል?»

«የገባው ይመጣል።»

ተሰብስበን ወደ ቆንጂት ቤት ልንሄድ ነው ሐሳቤ። ደቂቃ ሳይቆይ ግን ከሁሉም ቀድማ የመለሰችው ራሷ ቆንጂት ሆነች፦ «እትዬ፣ አይዞዎት። ከሌሊት ሽፍት እንደወጣሁ በቀጥታ እመጣለሁ።»

የእኔ ሐዘን መስሏታል። ለማ ይህን አላስተማረኝም፤ በእሱ ጊዜ ደጁ ራሱ ወደ ጡሩምባው አይመጣም ነበር።

ማለዳ ሳሎኔ ሞላ። የማን ሐዘን እንደሆነ ለመጡት በየጆሯቸው ነገርኳቸው። ቆንጂት ብርቱካናማ የሥራ ሰደርያዋን ሳታወልቅ፣ ነጠላዋን በላዩ ደርባ ገባች። ሰው ሁሉ ተነሣ። እሷ ማንንም ሳታይ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰችልኝ።

«እትዬ፣ ማን ሞተብዎት? እግዜር ያጥናዎት።»

ሁለት እጇን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።

«አንቺን ያጥናሽ፣ ልጄ» አልኳት።