መሀል መንገድ ላይ የምትሞተው ኪቦርድ

አዩብ ወገቡ ሳይከዳው በፊት የጅቡቲን መስመር ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቅ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ዲስኩ ተንሸራቶ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት በኋላ ግን ሐኪሙ መሪ እንዳይነካ፣ ወንበር ላይም ብዙ እንዳይቆይ አስጠነቀቀው። መኪናውን ሌላ ሾፌር ተረከበው። እሱ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤቱ ሽርጡን አገልድሞ፣ ጀርባውን በትራስ ደግፎ ፍራሽ ላይ ጋደም ማለት ሆነ ውሎው። ወሬ የሚወድ፣ ሳቂታ የነበረው ሰው በትንሽ በትልቁ የሚቆጣ ሆነ። ሻዩ ቀዘቀዘ ብሎ ይቆጣል፣ ሻዩ ፈላ ብሎ ይቆጣል።

ያን ሰሞን ሙስአብ ሊጠይቀው መጣ። ሙስአብ ድሮ የአዩብ ረዳት ሆኖ አብሮት የተንከራተተ፣ በኋላ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። የወዳጁን ፊት ሲያይ አዘነና፣ በሳምንቱ አንድ የከባድ መኪና ጨዋታ ይዞ ተመልሶ የአዩብ ሚስት የበድሪያ ኮምፒውተር ላይ ጫነለት። በድሪያ ጸሐፊ ናት፤ የመሥሪያ ቤት ሥራ ሲተርፋት ቤት አምጥታ የምትጽፈው በዚያው ኮምፒውተር ነው። ባሏ ፍራሹ ላይ ሆኖ መጫወት እንዲችል ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችለት፤ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄዳም ገመድ የሌላት ኪቦርድ ገዛችለት።

አዩብ መጀመሪያ «የልጅ ነገር» ብሎ አጣጣለው። ሞተሩ ተነስቶ ጉርምርምታው ክፍሉን ሲሞላው ግን ኪቦርዷን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ሙስአብ ከሱቁ፣ አዩብ ከፍራሹ፣ ሌሎች የማያውቋቸው ሰዎችም ከየአገራቸው ሆነው፣ በረዶ በሚጥልበት አገር ተሳቢ ጎትተው ተከታትለው መንዳት ያዙ። ውጭ የድሬ ሙቀት አስፋልቱን ያቀልጣል፤ አዩብ እዚህ ከበረዶ ጋር ይታገላል። ሙስአብ በስልክ ስፒከር ላይ ሆኖ ያወራዋል። በድሪያም ባሏ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ ሰማች።

ሳቁ አልቆየም። ኪቦርዷ መሞት ጀመረች።

መጀመሪያ የሆነው አንድ ቁልቁለት ላይ ነው። አዩብ ፊቱ ያለችውን ትንሽ መኪና ሊቀድም ወጣ። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ቢጫን፣ ቢደግም፣ ምንም የለም። መሪው አይዞርም፣ ፍሬኑ አይይዝም። ያ ሁሉ ጭነት መንገዱን ለቆ፣ አጥር ጥሶ፣ አንድ የበረዶ ክምር ውስጥ ገብቶ ቆመ።

«ያ አዩብ! ምን ሆነህ ነው?» አለ ሙስአብ በስልክ።

«እምቢ አለችኝ!»

«ፍሬን ያዝ እንጂ!»

«በምኔ ልያዝ? ሞታለች እኮ ነው የምልህ!»

ጨዋታውን ዘጋ፤ መቀበያዋን፣ ያቺን ጥፍር የምታህል ነገር፣ ከኮምፒውተሩ ነቅሎ መልሶ ሰካ፤ ጨዋታውን እንደገና ከፈተ። ሠራች። እሰይ ብሎ ጥቂት እንደነዳ፣ ሌላ መኪና ሊቀድም ሲል እንደገና ሞተች።

ከዚያ ወዲህ አዩብ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ባትሪ ነው ብሎ ባትሪ ቀየረ። አዲሱን ባትሪ አላመነውም፣ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ባትሪ አወጣ፤ በድሪያ ዜና ልታይ ስትል ሪሞቱ ባዶ ሆኖ አገኘችው። መቀበያዋ ከኋላ ስለሆነች ነው ብሎ ወደ ፊት አመጣት። ስልኩ እየረበሻት ይሆናል ብሎ ስልኩን ማድ ቤት አስቀመጠ፤ ሙስአብን ለማዋራትም ከክፍል ክፍል መጮህ ጀመረ። በመጨረሻ ጥርጣሬው ቬንቲሌተሩ ላይ ወደቀ።

በድሪያ ከሥራ ስትገባ ቤቱ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ጋለባት። ቬንቲሌተሩ ጠፍቷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ባሏ በላብ ርሶ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጧል።

«ምንድን ነው ይሄ? መብራት ሄደ እንዴ?»

«ቬንቲሌተሩ ሞገዱን እየቆረጠው መሰለኝ።»

«የምን ሞገድ?»

«የኪቦርዷን!»

«አቦ፣ አንተ ሰውዬ ልትገድለን ነው?» ብላ ቬንቲሌተሩን አበራችው። ኪቦርዷ ከአፍታ በኋላ ስትሞት አዩብ በጣቱ ወደ ቬንቲሌተሩ እየጠቆመ «አየሽ! አየሽ!» አላት። አጥፍቶትም ሞታ እንደነበር ግን አልነገራትም።

ከሁሉ የሚያበግነው ደግሞ ሌላ ቦታ ጤነኛ መሆኗ ነው። ጨዋታውን ትቶ ሌላ ገጽ ከፍቶ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፍ አንዱም ሳይጎድል ተከታትሎ ይወጣል። ወደ ጨዋታው ሲመለስ ሬሳ ናት። ሙስአብ እቤት ድረስ መጥቶ ራሱ ሞከራት። ፍራሹ ላይ ተጋድሞ፣ ጫቱን በጉንጩ ይዞ፣ ከተማ ለከተማ ነዳ። አንድ ጊዜም አልሞተችም።

«ይኸው ትሠራለች። ምናልባት ቀስ ብለህ ብትነካት።»

«እኔ ነኝ እንዴ ታዲያ የምገድላት?» አለ አዩብ፤ ድምፁም ወዳጅን የሚያናግሩበት ድምፅ አልነበረም። ሙስአብ ቀስ ብሎ ጫማውን አድርጎ ወጣ።

በማግስቱ አዩብ ኪቦርዷን በፌስታል ይዞ ባጃጅ ተሳፈረ። ታይዋን እስኪደርስ ወገቡ እያንዳንዷን ጉድጓድ እየቆጠረ ነበር። በድሪያ ኪቦርዷን የገዛችበት ሱቅ ባለቤት ዋይስ ይባላል፤ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ከጣሪያው ላይ እንደ ሙዝ ያንጠለጠለ፣ ንግግሩ ለስላሳ የሆነ ሰው ነው። ኪቦርዷን ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ሁሉንም ቁልፍ አንድ በአንድ ተጫነ።

«ዋርያ፣ ይቺ ጤነኛ ናት ወላሂ።»

«ጨዋታ ላይ ነው የምትሞተው አልኩህ።»

«እኔ ጨዋታ የለኝም። የማላየውን ምን ላድርግልህ?»

የአዩብ የወገቡም፣ የአርቡም፣ የወራቱም ንዴት አንድ ላይ ወጣ። ገበያተኛው እየሰማው፣ ዋይስን የተበላሸ ዕቃ ለሴት የሚሸጥ አታላይ ብሎ ሰደበው። ዋይስ ከመደርደሪያው አዲስ ኪቦርድ አውርዶ ሰጠው፣ የቀድሞዋን ተቀበለ፣ ከዚያም ፊቱን ወደ ሌላ ደንበኛ አዞረ።

አዲሷ ኪቦርድም አርብ ዕለት ሞተች።

ያን ዕለት ነገሩ የባሰ ነበር። አዩብ አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ከፊቱ ያለውን ሊቀድም ወጥቶ ሳለ ነው ኪቦርዷ እጁ ላይ ሞታ የቀረችው። ተሳቢው ተጋድሞ መንገዱን ዘጋው። ከኋላው የሚመጣው ሁሉ ቆመ። በስክሪኑ ጥግ ባለችው የመልእክት ሳጥን ውስጥ የማያውቃቸው ሰዎች በእንግሊዝኛ ይሰድቡት ጀመር። ሙስአብ በስልክ ይስቃል። አዩብ ኪቦርዷን ፍራሹ ላይ ፈጠፈጣት፤ አንዲት ቁልፍ ተነቅላ ትራሱ ሥር ገባች።

ዝም ማለት አልቻለም። በሕይወቱ መንገድ ዘግቶ የማያውቅ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ተሳቢው የተበላሸበት ቀን እንኳ መንገደኛ ለምኖ፣ አስገፍቶ፣ ዳር አውጥቶ ነው ያደረው። ይህን ማን ይነግራቸዋል? በንዴት ትልቋን የኢንተር ቁልፍ መታት። የመልእክት ሳጥኗ ተከፈተች! አዩብ ሞተች ያላት ኪቦርድ መታዘዟን ልብ ሳይል፣ ዓይኑን ጣቶቹ ላይ ተክሎ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል «አቦ ታገሱ» ብሎ ጻፈ።

በድሪያ የታጠበ ልብስ ታቅፋ በበሩ ስታልፍ ቴሌቪዥኑን አየችና ቆመች።

«በአማርኛ ነው እንዴ የምትነዳው?» አለችው።

«ምን?»

«ያንን እየው።»

አዩብ ቀና አለ። ከእንግሊዝኛው ስድብ ሁሉ ሥር፣ በጥሩ ግዕዝ ፊደል፣ «አቦ» የሚል ተጽፏል። ከሱ ቀጥሎ ያለው ቃል ተዘበራርቋል፤ «አቦ» ግን ቁልጭ ብላ ትታያለች። አንዱ ሰው ከሥሯ የጥያቄ ምልክት ደርድሮባታል።

በድሪያ ልብሱን ወንበር ላይ አስቀምጣ ኪቦርዷን ተቀበለችው። ለአማርኛ ጽሑፍ ራሷ በጫነችው ፕሮግራም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የምትዞረው ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጭና ነው። ሁለቱን ስትጫን የመኪናው መሪ ታዘዘ። ደግማ ስትጫናቸው እምቢ አለ። መልሳ ስትጫናቸው ታዘዘ። ፊደሉ አማርኛ ሲሆን ጨዋታው አያውቀውም፤ እንግሊዝኛ ሲሆን ያውቀዋል። ሌላው ገጽ ደግሞ የራሱን እንግሊዝኛ እንደያዘ ስለሚቆይ ነው ስሙ በደህና ሲጻፍለት የነበረው።

«አንተ እነዚህን ሁለቱን በምን ምክንያት ነው አንድ ላይ የምትጫናቸው?»

አዩብ አሰበ። አንዷ ቁልፍ ማርሽ መጨመሪያው ናት። ሌላዋ ስፖኪዮ ማያው ናት።

«ልቀድም ስል ስፖኪዮ አያለሁ፣» አለ ቀስ ብሎ። «ስፖኪዮ እያየሁ ማርሽ አስገባለሁ። ታዲያ ሰው ሳያይ ይቀድማል?»

ሙስአብ በስልኩ ውስጥ ጮኸ፦ «እኔ ስፖኪዮ አይቼ አላውቅም!»

«አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው መሪ ያልሰጠሁህ!» አለው አዩብ። ግን አልሳቀም። ንዴቱ መሄጃ አጥቶ ነበርና ወደ ሚስቱ ዞረ። «ያ ሁሉ ጊዜ ያቃጠለኝ አንቺ የጫንሽው አማርኛ ነዋ!»

«እኔ የጫንኩት? በገዛ ኮምፒውተሬ?» በድሪያ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እሱ ነው የባሰው። «ከሥራ ስገባ ምድጃ ውስጥ ስታስቀምጠኝ፣ ሪሞቴን ባዶ ስታደርገው፣ አንድ ቀን እንኳ ‹በድሪያ፣ ነይ እስቲ እዪልኝ› አልከኝ? ሰባራ ዕቃ የገዛሁልህ አድርገህ ነው የቆጠርከኝ።»

እውነትም አዩብ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቃትም። ሙስአብን ጠይቋል፣ ዋይስን ጠይቋል፣ ቬንቲሌተሩን ሳይቀር መርምሯል። ቀኑን ሙሉ ኪቦርድ ላይ የምትውለው ሚስቱ ግን አልታወሰችውም።

«እሺ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣» አለ በመጨረሻ። «አጥፊው በቃ፣ አማርኛውን።»

«አላጠፋም፤ እንጀራዬ ነው። አንተ ስፖኪዮህን ሌላ ቁልፍ ላይ አድርግ።»

አደረገ። ቀላል መስሎት ነበር። ጣቱ ግን አልተማረም፤ ሊቀድም በወጣ ቁጥር ወደ ድሮው ቁልፍ ይሮጣል፣ መኪናውም ይቆማል። በድሪያ ልብስ እያጣጠፈች ከወዲያ «አማርኛ ሆነብህ!» ትለዋለች፤ እሱም ጥርሱን ነክሶ ሁለቱን ቁልፎች ተጭኖ ይመልሰዋል። ያን ዕለት ጭነቱን ያደረሰው ከሁሉም መጨረሻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እንደገና ታይዋን ሄደ። መንገዱን ሁሉ የሚለውን ሲያዘጋጅ ቆይቶ ሱቁ በር ላይ ሲደርስ ሁሉም ጠፋው። ዋይስ አይቶት ፊቱን አልፈታም።

«ይችኛዋም ሞተች?»

«አልሞተችም። ያችኛዋም አልሞተችም ነበር። ስህተቱ የኔ ነው። ሰው ፊት የማይባል ነገር ብዬሃለሁ፤ ይኸው ሰው ፊት አውፍ በለኝ።»

ዋይስ ከባንኮኒው ሥር አንድ የካርቶን ክዳን አወጣ። የቀድሞዋ ኪቦርድ ነበረች፤ ብትንትኗ ወጥቷል። ቁልፎቹ ለብቻ፣ ከሥራቸው ያለው ስስ ፕላስቲክ ለብቻ፣ ብሎኖቹ ለብቻ።

«እንደሱ ብለህ ስትሄድ እንቅልፍ ነሳኝ፣» አለ ዋይስ። «ምኗ ጋ ነው የተበላሸችው ብዬ ፈታኋት። ጨርሶ የተበላሸ ነገር አጣሁባት። አሁን ደግሞ እምቢ አለች፤ አትገጠምም።»

አዩብ የተበታተነውን አየ፤ ዋይስን አየ። ዋይስ አንድ በርጩማ ስቦ ሰጠው፤ አዩብ ወገቡን እየደገፈ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እስቲ ያቺን ትንሿን ብሎን አቀብለኝ፣» አለው አዩብ።

«የትኛዋን?»

«እኔ ምን አውቄ? አንተ አይደለህ የፈታሃት!»