ቻይነሽ ፊቷን ያዞረች ዕለት

ቻይነሽ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የልጇ የወይኒቱ ምላስ ሆና ኖራለች። ወይኒቱ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም፣ አትናገርም። ቋንቋቸውን እናትና ልጅ በእጃቸው ፈጠሩት። ጢም መጠምዘዝ ሟቹ አባቷ ነው፤ አንገት ላይ ያለውን ንቅሳት መንካት ቻይነሽ ራሷ ናት፤ ጆንያ እንደተሸከመ ሰው ጎንበስ ማለት ደግሞ የቡሬ ገበያ ነው። ከሁለቱ በቀር በቀበሌው የሚያውቀው አልነበረም። ቻይነሽን እንቅልፍ የሚነሳትም ይኸው ነው፤ «እኔ የሞትሁ ዕለት ይቺ ልጅ ከማን ጋር ልታወራ ነው?»

በሚያዝያ ወይኒቱ ለፍልሰታ ልቁረብ አለች። ለመቁረብ ንስሐ መግባት ግድ ነውና ቻይነሽ ደስ ብሏት ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ አባ ወልደ ዮሐንስ ይዛት ሄደች።

«ይፍቱን አባ። እሷ በእጇ ትናገር፣ እኔ እነግርዎታለሁ» አለች።

ወይኒቱ እናቷን አየች፣ አባን አየች፤ ከዚያ ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ቢለምኗት ቢቆጧት አላወጣችም።

ቻይነሽ ከፋት። እንዴ! ያጠባኋት እኔ፣ ያዘልኋት እኔ፤ ከኔ የምትደብቀው ምን አላት? አባ ግን «እውነቷን ነው። ንስሐ ሦስተኛ ሰው አይሰማውም። እንግዲህ እኔው ልማር» አሉ።

በሰባ ሁለት ዓመታቸው! እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ይቀመጣሉ፤ ወይኒቱ ታሳያቸዋለች፣ ቻይነሽ እያጉረመረመች ትፈታላቸዋለች። በቅኔ የተራቀቁት ሰውዬ ጣታቸው እንደ ደረቀ ጠፍር አልታጠፍ አላቸው። አንድ ቀን በእጃቸው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» እላለሁ ብለው «አህያዋ ፈረጠጠች» አሉና ወይኒቱ በሳቅ ፍርስ አለች። ወዲያው አርጩሜ ቆርጣ ጣታቸውን ቸብ! ስንቱን የቆሎ ተማሪ በአርጩሜ ሲገርፉ የኖሩት አባ «ይበለኝ!» ብለው ሳቁ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡን ደጀ ሰላሙ ሥር ተጠልለው ሳለ፣ አባ «ቻይነሽ፣ ዛሬ አንቺ አታስፈልጊንም» አሏት። ራቅ ልትል ስትነሳ ልጇ ክንዷን ያዘቻት። የእጅ ወሬ ከሩቅም ይታያል። ትከሻዋን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረቻት።

ስንት ጊዜ ልትዞር ቃጣት! አንገቷን ነክታ ይሆን? እኔን አንስታ ይሆን? ምን በድያት ይሆን? ግን አልዞረችም። ከጀርባዋ የሚሰማት የነጠላ ኮሽታና የአባ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ ልጇ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። ወይኒቱ አልቅሳለች፤ ፊቷ ግን በርቷል። አባም ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር።

መንገድ ላይ ቻይነሽ አላስቻላትም። «ምን አልሻቸው?» አለቻት በእጇ።

ወይኒቱ ፈገግ ብላ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

ቻይነሽ ጭቃው መሃል ቆመች። ልጇ በሠላሳ ዓመቷ እናቷ የማታውቀው፣ ሌላ ሰው የሚያውቅላት ነገር አገኘች።

«እሰይ የኔ ልጅ! ደብቂብኝ!» አለች፣ እንደማትሰማት እያወቀች፣ ጮክ ብላ።