አምስቱ የደረቁ ባሕር ዛፎች

ከሜልበርን በስተ ምዕራብ አዲስ ሰፈር ሊቆረቆር ነው፤ ፓርኮቹን የነደፈችው ብሮንዊን ናት። ከቤት ሠሪው ድርጅት ጋር ሦስት ዓመት በስንዝር መሬት ስትሟገት ኖራ፣ ከጅረቱ እስከ ኮረብታው የሚዘልቅ አረንጓዴ መተላለፊያ አስከብራለች። ሰው ይንሸራሸርበታል፣ ወፍ ይሻገርበታል። መሐሉ ላይ ክብ የሣር ሜዳ አለ፤ እሱን በነደፈች ዕለት ልቧ ቅቤ ጠጥቶ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ሐሙስ ካጸደቀው ሰኞ ሥራው ይጀመራል።

ቅዳሜ ዕለት ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥ የንድፉ ካርታ ድንኳን ውስጥ ተዘረጋ። እንደ አገሩ ወግ ቋሊማ ይጠበሳል፤ የወደደ አረንጓዴ፣ የጠላ ቀይ ምልክት ይለጥፋል። የበላ አፍ ደግሞ ክፉ አይወጣውምና ካርታው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ለበሰ።

መሬቱን የሸጡት የሰማንያ ዓመቱ ገበሬ አቶ ኖርማን ብቻ ምንም ሳይለጥፉ ካርታው ላይ አፈጠጡ።

"እነዚህ አምስት መስቀሎች ምንድን ናቸው?"

"የሚቆረጡ ዛፎች ናቸው። ደርቀዋል እኮ አቶ ኖርማን፤ መንገደኛ ላይ ይወድቃሉ።"

"ማነው ይቆረጡ ያለው?"

"እኔ ነኝ የፈረምኩት።"

"ጎሽ! ለወፏ መንገድ ሠርተሽ ቤቷን አፈረስሽባት።"

"ሺህ ችግኝ እንተክል የለ!"

"ባሕር ዛፍ ወፍ የሚያስገባ ጎሬ እስኪያወጣ መቶ ዓመት ይፈጃል፣ ልጄ። በደረቁት ውስጥ የሚኖሩት በቀቀኖች እስከዚያ አንቺ ሳሎን ይደሩ?"

ብሮንዊን ተናደደች፤ የተናደደችው ግን በራሷ ነው። በእነሱ ሙያ ዛፍ ሲቆጠር እንደ ተማሪ ነጥብ ይሰጠዋል። የደረቀ ዜሮ ያገኛል፤ ዜሮ ያገኘውን ደግሞ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። እሷም ሳታይ ነው ቢሮ ተቀምጣ የፈረመችው።

"ይምጡ፣ ያሳዩኝ" አለች።

አምስቱ ዛፎች እንደተሰለፉ ቆመዋል። ከአንዱ ጎሬ አንዲት በቀቀን አንገቷን አውጥታ ሁለቱን ገላመጠቻቸውና ተመልሳ ገባች። ብሮንዊን ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋ ጠፋ። በአጠገባቸው እንዲያልፍ የተነደፈው የእግር መንገድ ሠላሳ እርምጃ ከራቀ ዛፎቹ ቢወድቁም ማንንም አይነኩም። መንገዱ የሚዞርበት ቦታ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ያ ክብ ሜዳ። ንድፉን መኪናዋ ላይ ዘርግታ ሜዳዋን በላጲስ አጠፋችና መንገዱን በላዩ አሳለፈችው።

"ሐሙስ ይህንን ነው የማቀርበው" አለች።

አቶ ኖርማን ባርኔጣቸውን አወለቁ። "አመሰግናለሁ፣ ልጄ።"

"ግን አምስቱም ባንድ ጊዜ ምን ነክቷቸው ነው የደረቁት?"

ሽማግሌው ወደ አንዱ ግንድ ጠጋ ብለው እጃቸውን ወገቡ ላይ አሳረፉ። ግንዱን እንደ ቀበቶ የዞረ አሮጌ የመጥረቢያ ጠባሳ ነበረበት።

"እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አባቴ መጥረቢያ ሰጠኝ። ዛፎቹ ደርቀው ለበጎቹ ሣር እንዲበቅል፣ ቅርፊታቸውን ዙሪያውን ላጥኩት። ያኔ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናደርገው። አባቴም ጎበዝ አለኝ፤ እኔም ኮራሁ።" ጠባሳውን በጣታቸው ዳሰሱ። "አንድ ጊዜ ገድያቸዋለሁ። ሁለተኛ ሲገደሉ ቆሜ ማየት አልቻልኩም።"