የማሃራጅ እናት

ባሏ በቁሙ ተዝካሩን አውጥቶ ከመነነ በኋላ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ፉልጌናን መበለት ነሽ አላት። እሷ ግን እሺ ብላ አታውቅም። ባሏ ብርጅላል ቅዱስ በሚባለው በጋንጋ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ለሙታን የሚቀርበውን ሩዝ በገዛ እጁ አድበልብሎ ለገዛ ነፍሱ አቅርቧል፣ ስሙንም እዚያው ጥሎ ወጥቷል፤ ስለዚህ ብርጅላል የሚባል ሰው ከእንግዲህ የለም፣ ሲንዱርሽን ጥረጊ፣ የብርጭቆ አምባርሽን ስበሪ አሏት። ሲንዱር ማለት ያገባች ሴት ፀጉሯን ለሁለት በከፈለችበት መስመር ላይ የምትቀባው ቀይ ዱቄት ነው፤ ባሏ የሞተባት አትቀባውም።

"ይተነፍሳል ወይስ አይተነፍስም?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"መተንፈሱንማ ይተነፍሳል።"

"እንግዲያው ተዉኝ።"

ከዚያ ወዲህ ያንን መስመር ሳትቀባ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ፀጉሯ ሸብቶ ካለቀ በኋላ እንኳ መሐሉ ቀይ ነበር። የመንደሩ ሴቶች ከኋላዋ ይሳሳቁባት ነበር፤ ይሳቁ።

ሰው ዓለምን ልናቅ ካለ መብቱ ነው። የሚገርመው ግን ያ የሚናቀው ዓለም ብዙውን ጊዜ እራት የምትሠራ አንዲት ሴት መሆኑ ነው። ብርጅላል ጥሎት የሄደው ዓለም ፉልጌና፣ ገና አፏን በመፍታት ላይ የነበረች ልጃቸው ኩሱምና አንዲት ስትታለብ የምትራገጥ ላም ነበሩ። ኩሱምን አሳድጋ ዳረቻት። ላሚቱ ሞተች። እሱ ደግሞ በካሺ ከተማ ትልቅ መምህር ሆነ፤ ማሃራጅ ይሉታል። "እኔ የምትለው ሥጋህ አይደለም፣ ስምህም አይደለም፣ ትዝታህም አይደለም። ይህ ሁሉ ሲገፈፍ የሚቀረው ተመልካች በአንተም በእኔም በዚያ ውሻም ውስጥ ያለው ያው አንዱ ነው" እያለ ያስተምራል አሉ። ሰውም ከሩቅ አገር እየመጣ እግሩ ሥር ይቀመጣል አሉ።

ፉልጌና ይህን በሰማች ቁጥር የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ሲገፈፍ እኔም አብሬ ተገፍፌ ይሆን? ከመሞቷ በፊት አንድ ጊዜ ዓይኗን አይቶ "አንቺ ነሽ" ቢላት ይበቃታል። ተመለስ ልትለው አልፈለገችም፤ ይቅርታም አልጠበቀችም። እንዲያውቃት ብቻ ነበር የፈለገችው።

አንድ ቀን ስልክ ተደወለላት። የደወለው ከባሏ ገዳም የሆነ ሰው አልነበረም፤ ከካሺ ወጣ ብላ በምትገኘው በሳርናት የሚኖር የቡድሃ መነኩሴ ነው፣ ባንቴ ዳማሚትራ ይባላል። ማሃራጅ ጤነኛ ሳለ የትውልድ መንደሩ ስም ከአፉ አምልጦት ነበርና ባንቴ ያችን ስም ይዞ ሰው ሲያጠያይቅ ከርሞ ነው ያገኛት። "ነይ፣ ሳትዘገዪ ነይ" አላት። የሽምብራ በሶዋን በጨርቅ ቋጥራ ባቡር ተሳፈረች።

ጣቢያው ላይ አንድ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ በቢጫ ኩታ ተጠቅልሎ ቆሞ አገኘችው።

"እርስዎ ነዎት ባንቴ? በስልክ ወጣት ይመስሉ ነበር።"

"ስልኩ ነው ወጣት" አላትና ወደ ባጃጅ መራት።

መንገዱ በሰውና በላም ተዘጋግቶ ባጃጁ ይንፏቀቃል። ባንቴ ጉልበቱን እያሸ ያወራት ጀመር።

"እኔና ማሃራጅ በየማክሰኞው ስንጨቃጨቅ ነው ያረጀነው። እሱ ሰው ሁሉም ነገር ሲገፈፍለት የማይገፈፍ አንድ ነገር ይቀረዋል ይላል። እኔ ደግሞ አይ፣ ሰው ማለት ያ የሚገፈፈው ራሱ ነው፣ ሲያልቅ ያልቃል፣ ውስጥ የተቀመጠ ባለቤት የለም እላለሁ። አንዳንዴ ዱላ ቀረሽ ጠብ ነው። ከዚያ ሻይ እንጠጣለን።"

"ታዲያ ማን ረታ?"

ባንቴ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። "አሁን እየተገፈፈ ነው፣ እህቴ። እንዲህ ከሆነ እኔ መርታት አልፈልግም።"

ከዚያ ነገራት። ማሃራጅ "እኔ" ማለት ትቷል። ስምህ ማን ነው ሲሉት ይስቃል። ደቀ መዝሙሩን ከእንግዳው አይለይም። ቁርስ ቀረበ አልቀረበ አይጠይቅም። ሲመሻሽ ደግሞ "ቤት እንሂድ፣ መሽቷል" ይላል። የገዳሙ ሰዎች የመጨረሻው ማዕረግ ላይ ደረሰ፣ ስምና መልክ ቀልጠውለት አንዱ ብቻ ቀረ ብለው ደስታቸው ወሰን አጥቷል። አኪሌሽ የተባለው ዋናው ደቀ መዝሙር ያችን "ቤት እንሂድ" የምትለውን ቃል በስልኩ ቀድቶ ለምእመናን ያሰማል።

ፉልጌና የበሶዋን ቋጠሮ ጨበጠች። "የልብሱን ጠርዝ ያጣጥፋል?"

"እ?"

"ያጣጥፍና ይፈታዋል። እንደገና ያጣጥፍና ይፈታዋል።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"አባቱም እንዲሁ ነበር" አለች። "የገዛ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቤቴ ውሰዱኝ እያለ ያለቅስ ነበር። አማቴ አቅም አልነበራትም። ያጠብኩትም ያጎረስኩትም እኔ ነኝ። ይሄ በሽታ ነው እንጂ ምን ማዕረግ አለው?"

"እኔም ሐኪም ይየው ብዬ ነበር። አኪሌሽ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? መምህራችን ስለረታዎት ቀንተው ነው አለኝ።" ባንቴ ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ ግን አልሆነለትም። "ስሚኝ፣ ሚስቱ ነኝ ካልሽ ከበሩ አታልፊም። ለመነነ ሰው የቀድሞ ሚስቱን ማየት ክልክል ነው። በረከት ልቀበል የመጣሁ ነኝ በይ።"

"ዕድሜ ልኬን ሚስቱ ነኝ ብዬ ከሰው ስጣላ ኖሬ፣ ደጁ ስደርስ አይደለሁም ልበል?"

"አይደለሁም አትበይ። ዝም በይ ብቻ።"

ገዳሙ ግቢ ውስጥ ሰው መሬት ላይ ተደርድሮ ተቀምጧል። ማሃራጅ ከፍ ባለች መደብ ላይ ነበር። ፉልጌና ትከሻውን ነው መጀመሪያ ያወቀችው፤ በግራ በኩል ዘንበል ያለ ነው፣ ድሮም እንዲሁ ነበር። የቀረው ሁሉ ከስቶ አልቋል። የብርቱካን ቀለም ያለውን የልብሱን ጠርዝ ያጣጥፋል፣ ይፈታል። አጠገቡ ሩዝና ምስር የተቀመጠበት ሳህን ቀርቦ ዝንብ ወሮታል። አኪሌሽ ለተሰበሰበው ሰው መምህሩ ከእህል ፍላጎት ነፃ መውጣቱን ያስረዳል። ክፉ ሰው አልነበረም። እየተናገረ መሐል ላይ አቋርጦ የማሃራጅን አፍንጫ በራሱ ነጠላ ሲጠርግለት አየችውና ልትጠላው የነበረውን ተወችው።

ባንቴ ከፊት አስቀመጣት። ማሃራጅ ቀና ሲል ዓይኑ ዓይኗ ላይ አረፈ። ዓይኑ ቆየና አልፏት ወደ ግድግዳው ሄደ፣ ከግድግዳውም ወደ ልብሱ ጠርዝ ተመለሰ። ፉልጌና ቀይ መስመሯን፣ የስንት ዓመት ሙግቷን፣ የባቡሩን መንገድ ይዛ መጥታ የምታገኘው ይህ እንደሚሆን ባጃጁ ውስጥ አውቃ ነበር። ማወቅ ግን ምንም አልጠቀማትም። በጣም ከፋት።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከወንዙ ዳር የምሽቱ ጸሎት ደወል ተሰማ። የማሃራጅ እጆች ፈጠኑ። ዙሪያውን ያይ ጀመር።

"ቤት እንሂድ" አለ። "መሽቷል። ቤት እንሂድ።"

ሰዉ እጁን አጣምሮ ሰገደ። አንዲት ሴት በደስታ አለቀሰች። "ቤት ማለት እንግዲህ" ብሎ አኪሌሽ ሊያብራራ ጀመረ፤ ፉልጌና ግን የምታየው የሚፈራ ሰው ነው። ሁሉም እየሰገደለት ማንም አጠገቡ አልነበረም። ተነሣች። አኪሌሽ ሳይደርስባት መደቡ ሥር ተቀምጣ ለባሏ አባት ትለው የነበረውን ነገር አለችው።

"እንሄዳለን። ላሚቱ ትታለብና እንሄዳለን።"

እጁ ቆመ። ፊቷን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ከመደቡ ተንሸራትቶ ወረደና ግንባሩን እግሯ ላይ አደረገ።

"እማዬ፣ የት ቆየሽ?"

በግቢው ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። የመነነ ሰው ከመምህሩና ከወላጅ እናቱ በቀር ለማንም አይሰግድም። "በሴት ሁሉ ውስጥ እናትን አየ" አለ አንድ ሽማግሌ። ሌሎቹም እየመጡ እግሯን ይነኩ ጀመር። አኪሌሽ ሊያስወጣት የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ።

"እማማ፣ እርስዎ ማን ነዎት?" አላት።

ፉልጌና ባንቴን አየችው። ባንቴ መሬት መሬት ያያል። የኩሱም እናት ነኝ፣ ሚስቱ ነኝ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። እንዲያ ካለች ያስወጧታል፣ እሱም እዚያ መደብ ላይ እየተሰገደለት በረሃብ ያልቃል። አፏን ዘጋች።

"ውሃ አምጡልኝ" አለች።

በሶዋን ፈታ በሳህን ላይ አሸችና ጭብጦ አደረገችው፣ በጨውና በሎሚ፣ አማቷ እንዳስተማረቻት። ወደ አፉ ስታቀርብለት እንደ ልጅ ከፈተ። ከዚያ ድንገት ገጠመው። ፀጉሯን እያየ ነበር።

"እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ምኑ?"

"ቀይ ተቀብተሻል።" ድምፁ ዝቅ አለ። "አባባ ሞቷል እኮ። ትናንት ሬሳውን አቃጥለን መጣን እኮ። ሰው ምን ይላል? አምባርሽንም አልሰበርሽም?" ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሳህኑን በክርኑ ገፋና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ጥረጊው። አልበላም።"

አሁን ጉርምርምታ አልነበረም። አኪሌሽ ጠጋ ብሎ ቆሞ መምህሩን ያያል፤ ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፍቶ ነበር። የሚሰማው ትምህርት አልነበረም። አባቱ የሞተበት ሰው ሐዘን ነበር።

"ይተዉት፣ እማማ" አላት በሹክሹክታ። "ለነገ ይረጋጋ ይሆናል።"

"ነገም ይኸው ነው" አለች ፉልጌና።

የልብሷን ጫፍ ውሃው ውስጥ ነከረችና ፀጉሯ መሐል አደረገችው። አንድ ጊዜ ጠረገች፣ አልለቀቀም፤ ብዙ ዘመን ገብቶበታል። ደጋግማ አሸችው። ዘመድ አዝማድ ለምኖና ተቆጥቶ ያላስጠረጋትን፣ የሚተነፍሰው ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ትንፋሹን እየሰማች ጠረገችው። ከዚያ እጇን ከመደቡ ጠርዝ ላይ አደረገች። የባሏ አባት በሞተ ጊዜ የአማቷን አምባር የሰበረችው እሷ ነበረችና ቆዳ ሳይቆርጥ እንዴት እንደሚሰበር ታውቃለች። የራሷ ሲሆን ግን ቆረጣት። ባንቴ ወደ ወንዙ አቅጣጫ ዞሮ ነበር።

"ይኸው፣ ልጄ። ጠርጌዋለሁ።"

አልዞረም።

ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። ፉልጌናም ዕድሜዋን ሁሉ "የኩሱም አባት" ስትለው ኖረች እንጂ ስሙ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ እሱም እሷን "የኩሱም እናት" ነበር የሚላት። እናት ግን የልጇን ስም ትጠራለች።

"ብርጅላል" አለችው። "ብርጅላል፣ አፍህን ክፈት።"

ዞረ። ፀጉሯን አየ፣ ባዶ እጇን አየ፣ ፊቱ ረጋ አለ። አፉን ከፈተ። አጎረሰችው፣ አላመጠና ዋጠ። እንደገና አጎረሰችው። አኪሌሽ መሬት ላይ ተቀምጦ የተሰበረውን ብርጭቆ በመዳፉ ይለቅም ነበር።

ጭብጦው ሊያልቅ ሲል ብርጅላል ማላመጡን አቆመና ሰው እንዳይሰማው ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። ድሮ በአማቷ ቤት ምራት የምትበላው ሁሉም በልቶ ካበቃ በኋላ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ምንም አይተርፋትም። ወንድ ልጅ በእናቱ ፊት ስለ ሚስቱ መጠየቅ ነውር ነው። ፉልጌና እሷ ወጥ ቤት ጭስ ውስጥ ሳለች እሱ ስለ እሷ እናቱን በሹክሹክታ ይጠይቅ እንደነበረ እስከዚያች ምሽት ድረስ አታውቅም ነበር።

"እማዬ" አላት። "የኩሱም እናትስ በላች?"

ፉልጌና ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም።

"በልታለች፣ ልጄ" አለችው። "አንተ ብላ።"