ፎጣ የታሰረለት የሮለር መስመር

ዳይሬክተራችን ቡዲሚር "ለሠራተኛው የሚሆን ነገር አመጣለሁ" ብሎ ሲሄድ ጭማሪ መስሎን ነበር። የመጣው የሮለር መስመር ነው። "ለወገባችሁ አስቤ ነው" አለን። ወገባችን ይህን ያህል እንደሚወደድ እስከዚያ ቀን አናውቅም ነበር።

እኔ በመንደራችን የእንጆሪ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ የምቆም ሰው ነኝ። ከሚዛኑ እስከ ብርድ ክፍሉ ሳጥን ተሸክመን የምንሮጠው እኛ ነበርን። አሁን ያንን ማሽኑ ይሠራዋል ተባለ። አሠራሩም የሚያፈላስፍ አይደለም። የብረት ቱቦዎች ጎን ለጎን የተደረደሩበት ረጅም አልጋ ነው። ሮለሩ ከቦታው ንቅንቅ ሳይል እዚያው ይሽከረከራል፤ የሚሄደው በላዩ ያለው ሳጥን ነው። ቢሯችን ውስጥም ከቦታቸው ንቅንቅ ሳይሉ የሚሽከረከሩ ሰዎች አሉ፤ የእነሱ ችግር የሚሄድ ሳጥን አለመኖሩ ነው። በሚዛኑ በኩል ያለው የመስመሩ ግማሽ ትንሽ ተዳፋት ስለሆነ ሞተር አያስፈልገውም፤ ሳጥኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ሌላው ግማሽ ሜዳ ነው። እዚያ በሞተር የሚጎተት ቺንጋ ከሥር እየታከከ ሮለሮቹን ሁሉ ባንዴ ያዞራቸዋል፣ ሳጥኑም በግድግዳው ላይ በልኩ በተከፈተች ቀዳዳ በኩል ወደ ብርዱ ይገባል። የድሮውን ትልቅ በር ቡዲሚር በግንብ አስደፍኖታል። ከእንግዲህ ማን ይሸከማል ብሎ ነው።

መስመሩን የገጠመው መካኒኩ ግቮዝደን ነው። እኛ ጋ ቤት ተሠርቶ ጣሪያ ሲደርስ ለግንበኞቹ ጥልፍ ፎጣ ይሰቀልላቸዋል፤ ሥራው ሲያልቅ ፎጣው የባለሙያው ነው። ግቮዝደን የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቆ ተነሳና "ይኼስ ከቤት በምን ያንሳል?" አለ። ቡዲሚር ለምረቃው ከቤልግሬድ ፎቶ አንሺ ጠርቶ ስለነበር ሐሳቡን ወዲያው የራሱ አደረገው። በምረቃው ቀን እንጆሪ የሚያመጣ ሁሉ መስመሩ ላይ ፎጣ ይሰር፣ ፎጣው ያማረለት ቀድሞ ያስገባ ብሎ አወጀ። እንጆሪ በጥልፍ ተራ ሲይዝ ያየሁት ያኔ ነው።

እማማ ቪዶሳቫ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ተዳፋቱ ላይ ያለውን ማሳ ብቻቸውን የሚኮተኩቱ፣ ብቻቸውን የሚለቅሙ ሴት ናቸው። የክረምት ማገዷቸውም መድኃኒታቸውም ከዚያው እንጆሪ ነው የሚወጣው። እንጆሪ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም። ፀሐይ ካገኘው ይላላል፣ ይፈሳል፤ ከዚያ በኋላ ለጭማቂ ካልሆነ የሚቀበለው የለም። በጭማቂ ዋጋ ክረምቱ አይገፋም። ስለዚህ መቅደም ነበረባቸው። ይዘውት የመጡት ፎጣ ቀይ ጥልፍ ያለበት፣ ዘርፉ ረጅም ነው። ሳየው ደነገጥኩ። ጥንዱ ባላቸው መቃብር ላይ፣ እኔ በሠራሁት መስቀል ላይ እንደታሰረ አለ።

"እማማ፣ ይኼ እኮ . . ."

"አዎ፣ ለራሴ መስቀል ያስቀመጥኩት ነው። እኔ ገና አልሞትኩም፣ እንጆሪው ግን እየሞተ ነው። እሰረው!"

አሰርኩት። ተወዳዳሪም አልተገኘለት።

ቄሱ ማሽኑን ባረኩ። ቡዲሚር ስለ ዕድገት ተናገረ፣ ቀጥሎ ስለ ራሱ ተናገረ፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ደገመልን። ሲጀምር ጥላ ውስጥ የነበረው እንጆሪ የጫነው የእማማ ተጎታች ሲጨርስ ፀሐይ ላይ ነበር። ራኪያ የምንለው አረቄያችን ዞረ። ፎቶ አንሺው አልደረሰም።

"ፎጣዎቹን ፈትተን እናስነሳው?" አልኩ።

ግቮዝደን እናቱን የሰደብኩ ያህል አፈጠጠብኝ። "ማሽኑ ሲሠራ ያላየ ፎጣ ምኑን ስጦታ ሆነ?"

"ፎጣ ከሌለማ ፎቶው ምን ሊሆን ነው?" አለ ቡዲሚር።

ሞተሩ ተነሳ። የእማማን ሳጥኖች አንዱን ካንዱ አስከትለን ተዳፋቱ ላይ ደረደርናቸው። እየተከታተሉ ወረዱ፣ ሰው አጨበጨበ፣ እኔም ሳላስበው አጨበጨብኩ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ግን የእማማ ፎጣ ረጅም ዘርፍ በሁለት ሮለሮች መሃል ሾልኮ ገባ። ቺንጋው ነከሰውና ሮለሩ ላይ ይጠቀልለው ጀመር። ሮለሩ ታንቆ ቀጥ አለ፣ ሞተሩ አቃሰተ፣ ጎማ ጎማ ሸተተ። ሳጥኖቹ ቆሙ። ተዳፋት ግን ቁም ቢሉት አይሰማም። የኋላኞቹ የፊተኞቹን እየገፉ አንዱ ሳጥን አፍንጫውን አንስቶ በሌላው ላይ ወጣ። በሮለሮቹ መሃል ቀይ ጭማቂ ይንጠባጠብ ጀመር።

"ቁረጠው!" አልኩት ግቮዝደንን።

"በምን አንጀቴ? እንዲህ ያለ ጥልፍ በወረዳው የለም። ቀስ ብዬ እፈታዋለሁ።" ተንበርክኮ በካቻቢቴ ጫፍ ክር በክር ያወጣ ጀመር። "ደግሞ የኔ ፎጣ ነው እኮ።"

"ማንም እንዳይነካው! ፎቶ አንሺው ድልድዩ ጋ ደርሷል!" አለ ቡዲሚር ስልኩን እያወዛወዘ።

"እንጆሪው እየፈሰሰ ነው፣ አለቃ።"

"የሚፈሰው ፎቶው ላይ አይታይም!"

በእጃችን እንዳናስገባው በሩ ግንብ ሆኗል። ተናደድኩ። ግን ተናድጄ ቆምኩ እንጂ ያደረግኩት ነገር የለም።

እማማ ቪዶሳቫ ሰዉን ገፋ ገፋ እያደረጉ መጡ። የእንጆሪ ግንድ የሚገርዙበትን ቢላ ከሽርጣቸው ኪስ አወጡ።

"ሞተሩን አጥፋልኝ" አሉኝ። አጠፋሁት።

"እማማ፣ ይተዉ እንጂ! አንዴ ለባለሙያ የሰጡትን . . ." አለ ግቮዝደን።

"ዞር በል አንተ፣ ጣትህን አብሬ እንዳልቆርጠው!"

ግቮዝደን ጣቶቹን ሰበሰበ። እማማ ፎጣውን ወጥረው ይዘው መሃሉን ቆረጡት። ቢላው ለጨርቅ የተሳለ አልነበረምና ጊዜ ወሰደ። እሳቸው ዓይናቸውን ከፎጣው ላይ አላነሱም። የተጠቀለለውን ግማሽ በጉጠት ቦጫጭቄ አወጣሁት። ከእሱ የሚረባ ነገር አልቀረም።

ሞተሩ ተነሳ። ከፊት የነበሩት ጥቂት ሳጥኖች ለጭማቂ ሄዱ፣ የቀሩት አንደኛ ደረጃ ሆነው ገቡ። የእማማ ክረምት ተረፈ። በመጨረሻ ፎቶ አንሺው ከች ሲል ቡዲሚር ፊቱን አሳምሮ ማሽኑ ፊት ቆመ፤ ጫማው በጭማቂ ቀልቶ ነበር።

ግቮዝደን የቀረውን ግማሽ ፎጣ ከብረቱ ላይ ሊፈታ እጁን ሲሰድ እማማ ቀደሙት። ፈቱት፣ አጠፉት፣ ሽርጣቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ባሌን የቀበርከው አንተ ነህ፣ እኔንም የምትቀብረኝ አንተው ነህ። መስቀሌን ትንሽ አድርገህ ሥራልኝ፣ ይኼ ግማሽ ፎጣ እንዲበቃው።"

እኔ ለሁሉም ነገር ቀልድ የማላጣ ሰው፣ ፎጣውን ከሽርጣቸው ተቀብዬ ርዝመቱን በስንዝር ለካሁ።