ያልጠየቀችው ቆብ

ንግሥቴ ያን ክረምት የወባ መድኃኒት ደጋግማ ዋጠች፤ ወባ ግን አልነበረባትም። ደሟ ተመርምሮ "የለም" በተባለ ቁጥር ባሏ ዳኘው "ማንኩሳ ላይ ያላበው ሁሉ ወባ ነው!" እያለ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ያስውጣታል። ጤና ጣቢያ ሲሄዱም እሷ አፏን ሳትከፍት እሱ ይመልስላታል። ምላሱ የሱ፣ ላቡ የሷ።

የወር አበባዋ ከቀረ ዓመት አልፎታል። ድንገት ፊቷ ይነዳል፣ ቀሚሷ በላብ ይርሳል፣ ልቧ ይደልቃል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ረስታለች። ይህን በባል ፊት ለወጣት ወንድ ነርስ እንዴት ታውራው? ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ንግሥቴ ግን በዝምታዋ ነቅዛ ነበር።

የነቃችባት የዳኘው እህት ያምሮት ናት። ሴት በወር አበባዋ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ንግሥቴ ግን አንድም እሑድ ከደጅ ቆማ አልታየችም። ያምሮት ይህን ስታስተውል ከርማ አንድ ቀን የመነኩሲት ቆብ ይዛ መጣች።

"ልማደ አንስቱ ቀርቶልሻል፤ እንግዲህ ዓለም በቃሽ። ላቡም ጥሪ ነው፤ ቆቡን ስትደፊ ይተውሻል።"

ዳኘው ራሱን ነቀነቀ። "የወባው መድኃኒት እምቢ ካለ፣ ቆቡ ይሞከራ!"

በቁስሏ እንጨት ሰደዱባት። ሰው ነድዶ ሊያልቅ ነው፣ እነሱ ስለ ራስ መሸፈኛው ይመክራሉ! ንግሥቴ በንዴት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ብቻዋን ሚኒባስ ተሳፍራ ፍኖተ ሰላም አንድ ክሊኒክ ገባች።

ገና እንደተቀመጠች ሕሊና የምትባል ሴት ሐኪም "እትየ፣ የወር አበባዎ መቼ ቀረ?" አለቻት። ንግሥቴ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"እስካሁን ይህን የጠየቀኝ የለም! አንድ ሰው እንኳ!"

"በሽታ አይደለም፤ ዕድሜ ነው። ዕድሜ ነው ማለት ግን ይቻሉት ማለት አይደለም።" ሐኪሟ የደም ግፊቷን ለካች፣ ጡቷን መረመረች፣ ደም ረግቶባት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት። "የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ መድኃኒት አለ፤ ማኅፀን ስላለዎ ሁለት ዓይነት ሆርሞን አብሮ ነው የሚሰጠው። ሆርሞን ካልፈለጉ ደግሞ ሙቀቱን የሚያበርድ ሌላ ኪኒን አለ። ጥቅምና ጉዳታቸውን ልንገርዎና ይምረጡ።"

ይምረጡ! ንግሥቴን ከተዳረች ጀምሮ ምረጪ ያላት አልነበረም። ሁሉንም ጠይቃ፣ ሆርሞኑን መረጠች።

ማንኩሳ ስትመለስ ዳኘውና ያምሮት ቆቡን መሃላቸው አስቀምጠው ይጠብቋታል።

"የት ውለሽ ነው? ወባሽ ተነስቶብሽ..." ብሎ ጀመረ ዳኘው።

"ወባ የለብኝም!" ብላ ጮኸች። ቆቡን አንስታ ተሳለመችውና ያምሮት እጅ ላይ መለሰችው። "ይህ ክቡር ነገር ነው። ቀኑ ሲደርስ እኔው እጠይቃለሁ። የላብ ማድረቂያ አታድርጉት።"

ከዚያ ኪኒኗን አወጣች። ዳኘው አፉን ከፈተ።

"አንተ ዝም በል" አለችው። "የቀረው የወር አበባዬ ነው፤ አንደበቴ አልቀረም።"